እናቱ የት አለች?

በመንዝ፣ ሞላሌ አቅራቢያ አንድ ገበሬ ነበረ። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ገብሱም ከውርጭ የተረፈውን ያህል ብቻ ነው የሚገባለት። ቤቱን አቁመው የያዙለት አሥራ ሦስት እናት በጎች ናቸው። ሚስቱ ፀጉራቸውን አጥባ፣ ነድፋ ትፈትላለች፤ እሱ ከእርሻ ሲያርፍ ባና ይሠራል። ጠቦት ሲደርስ ለበዓል ይሸጣል። የልጆች ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የማኅበር ድግስ፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያው ከጋጣው ነው።

አራት ዓመት ያገለገለው ጥቁር ጆሮ ቀይ አውራ ነበረው። አንድ የጥቅምት ሌሊት ጅብ የጋጣውን በር ገፍቶ ገባና አውራውን ይዞ ሄደ። እናቶቹ ተረፉ። ሰውየው «ተመስገን» ቢልም ሐሳብ ያዘው፤ አውራ የሌለው መንጋ ዓመት ከዋለ ካደረ ግልገል የሌለው ጋጣ ነው። ሚስቱ ለራሷ ቀሚስ መግዣ ብላ ያስቀመጠችውን የባና ገንዘብ ከሣጥን አወጣችና በእጁ ላይ ቆጥራ ሰጠችው። «ደህና አውራ አምጣልን» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከመንደሩ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ፣ በአውራ በጎቻቸው የታወቁ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሰውየው ማልዶ ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ነጭ አውራ ታስሮ አገኘ፤ ቀንዱ የተጠመዘዘ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ የሞላ። ጠጋ ብሎ ጀርባውን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገ፤ አጥንቱ አይቆረቁርም። ልቡ ወደደው።

«እማማ፣ ይሄን ይስጡኝ፤ ገንዘቡ ይኸው» አለ።

«መጀመሪያ ተቀመጥ ልጄ» አሉት። ጠላ ቀዱለትና መጠየቅ ጀመሩ። ስንት እናት በግ አለህ? እናቶቹ ከየት የመጡ ናቸው? አውራህ ከማን የተገዛ ነበር? ስንት ዓመት ቆየ? የራሱ ልጆች አድገው ከእሱው ጋር ይውሉ ነበር ወይ? የምታሰማራው ከነማን ጋር ነው?

ሰውየው መጀመሪያ በትሕትና መለሰ። ጥያቄው ሲበዛበት ግን ፊቱ ጠቆረ። «እማማ፣ በግ ልግዛ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ልጅ ልዳር ብዬ አይደለም» አለ።

ባልቴቷ አልተቀየሙትም። ተነሥተው ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ። እዚያ አንዲት ያረጀች ነጭ በግ ቆማለች። አገጯን ይዘው ከንፈሯን ገለጥ አደረጉላት። «የነጩ አውራ እናት ይህች ናት። ጥርሷን ዕድሜ ቢበላውም አየህ፣ ከላይኛው ድዷ ጋር ገጥሞ ነው የበቀለ። አገጩ ያጠረ ወይ የረዘመ በግ ሣር በደንብ አይነጭም፤ ግልገሉም ጡት አይይዝለትም።» ቀጥለው ጎንበስ አሉና ጡቷን ዳበሱ። «በሁለቱም ወገን ታልባለች፤ ዕባጭ የለባትም። መንታ ወልዳ ሁለቱንም አሳድጋለች።» ከግቢው ማዶ የምትነጭ ሌላ በግ ጠቆሙት፤ «ያቺ ደግሞ ያምና ልጇ ናት፤ አረማመዷን እይ።»

ሰውየው ሁሉንም አየ። የወደደውን ይበልጥ ወደደው። ባልቴቷ ግን ወደ እሱ ዞረው «ለአንተ ግን አልሸጥልህም» አሉት።

«ምነው?»

«ጅብ የበላብህ ቀይ አውራ የወጣው ከዚህ ቤት ነው። ከእኔ የገዛው ሰው ነው ለአንተ የሸጠልህ። እናቱ ይህችው ናት። ካሉህ በጎች ግማሾቹ የእሱ ልጆች ናቸው። ይሄን ነጭ ብሰጥህ ለወንድሙ ልጆች አጎታቸውን መስጠቴ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ና። ከግሼ በኩል ያመጣሁት ጠቦት አለ፤ እስከዚያ ይደርሳል፤ እሱ ከአንተ በጎች ጋር ዝምድና የለውም። ያን ያህል መቆየት ካልቻልህም ዘሩን ከሚያውቅ ሰው ግዛ።»

ሰውየው ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ። መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርም ሄደ። ሁለት ወር ሙሉ ያለ አውራ? ባልቴቷ ገንዘቡ አንሶባቸው ይሆናል፤ ወይም ደህና ከፋይ እየጠበቁ ይሆናል። ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጁን የሚመልስ ሻጭ አይቶ አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሞላሌ ወረደ። በገበያው ዳር አንድ ወጣት አምስት አውራ በጎች በአንድ ገመድ አሰልፎ ቆሟል። ፀጉራቸው በውሃ ታብሶ ተበጥሯል፤ ሌሊቱን ጨው ልሰው ጠዋት ውሃ ስለጠጡ ጎናቸው ሞልቶ ተወጥሯል። ከመሐላቸው አንድ ቀይ ቦቃ ነበረ። ሰውየው አፉን ከፈተ፤ ሁለት ጥርስ አውጥቷል። ጀርባውን ዳሰሰ፤ ደህና ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ ትንሽ ተቆርጧል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ውሻ ነክሶት ነው ጋሼ፤ ድሮ የዳነ ነገር ነው።»

«አገሩ ወዴት ነው?»

«ግሼ ነዋ! እኔ እንደ ሌላው ነጋዴ አይደለሁም፤ አርቢ ነኝ። ይሄ የዘር በግ ነው።»

ግሼ የሚለውን ስም ሰውየው ከባልቴቷ አፍ ሰምቶታል። የሰማውን ስም መልሶ መስማቱ እንደ ምስክር ሆነለት። ዋጋው ደግሞ ገበያው ውስጥ ካለው አውራ ሁሉ አምስት መቶ ብር ያህል የቀነሰ ነበር። «ቶሎ ወስን ጋሼ» አለ ወጣቱ፤ «የደብረ ብርሃን መኪና ሊነሣ ነው፤ ካልወሰድከው ለሥጋ መጫኑ ነው።»

ወጣቱ ስንት እናት አለህ አላለም። ከማን ጋር ታሰማራለህ ብሎም አልጠየቀም። ሰውየው ጥያቄ ስላልበዛበት ደስ አለው፤ እንደ ሰው የቆጠረው ሻጭ አገኘ። ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

በማግስቱ ጠዋት የበጉ ጎን ጎደለ። ሚስቱ ልታየው ወጥታ ትከሻው ሥር እጇን ስትሰድ የደረቀ ቅርፊት በጣቷ መጣላት። «ይሄ እከክ አይደለም ወይ?» አለች። «የመንገድ አቧራ ነው» አላት። እሷ ዝም አለች፤ እሱም እጁን ሰድዶ አላየም።

ታኅሣሥ ሲገባ በጎቹ በድንጋይ አጥሩ ላይ ጎናቸውን ማሸት ጀመሩ። ፀጉራቸው እየተነቀለ በየእሾኹ ላይ ቀረ። በዚያ ዓመት ለባና የሚሆን ፀጉር አልተገኘም፤ የሚስትየው እንዝርት ሥራ ፈታ። የግጦሹ መሬት የጋራ ነውና እከኩ የጎረቤቱን በጎች ያዘ፤ ከጎረቤቱም ወደ ማዶው መንደር ተሻገረ። መንደርተኛው መጀመሪያ ምክንያቱን አላወቀም፤ ሲያውቅ ግን ሰላምታው ቀዘቀዘ።

በሚያዝያ በጎቹ መውለድ ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ደህና ወለደች። ሁለተኛዋ ሙት ወለደች። የአራተኛዋ ግልገል ቆማ ወደ እናቷ ጡት ደርሳ ነበር፤ ጡቱ ግን ከአፏ እየወጣ አስቸገራት። ሚስትየው ግልገሏን ታቅፋ ምድጃ ዳር ተቀመጠች። እንገሩን በጽዋ አልባ ጣቷን እየነከረች አጠባቻት። ጣቷን ወደ አፏ ስታስገባ የታችኛው አገጭ አጥሮ ወደ ኋላ እንደገባ ተሰማት። ወተቱ በከንፈሯ ጎን እየፈሰሰ የሴትየዋን ጉልበት አረጠበ። ሌሊቱን እንዲሁ አደሩ። ሲነጋ ግልገሏ ሞተች። ከእሷ በኋላ እንዲሁ ያጠረ አገጭ ይዘው ሁለት ተወለዱ፤ የቀሩትም ቢሆኑ ከወትሮው ያነሱና እግራቸው የሰነፈ ነበሩ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለእከኩ መርፌ ሊወጋ የመጣ ቀን ጎረቤቱ አውራውን ሊይዝለት ገባ። ቀንዱን ጨበጠና የግራ ጆሮውን አየ። ደግሞ አየ።

«ይሄን ጆሮ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ለገበያው ልጅ የሸጥኩት ጠቦት ነው። ቦቃውም ያው።»

«ግሼ ነው ያለኝ!»

«ግሼን አይቶም አያውቅ። ከዚህ ግቢ አልፎ የተወለደ አይደለም።»

ሰውየው ድምፁ ዝቅ አለ። «አባቱ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጎረቤቱ ገርሞት አየው። «እኔ አውራ ኖሮኝ ያውቃል? በጎቼ የሚውሉት ካንተ በጎች ጋር አይደለም? አባቱ ያንተው ቀይ ነዋ!»

ሰውየው በሚስቱ ገንዘብ የገዛው የራሱን አውራ ልጅ ነበር። አምጥቶም ከገዛ እኅቶቹ ጋር ቀላቅሎታል።

ወደ ገበያ ወርዶ ወጣቱን ያዘው። ወጣቱ አልደነገጠም። «ሸጥኩልህ፣ ከፈልከኝ፣ አለቀ። በገበያ የተገዛ በግ ከሄደ በኋላ ባለቤቱ አንተ ነህ» አለው። በአጠገቡ የቆሙትም ሰዎች «እውነቱን ነው» አሉ።

በመጨረሻ ወደ ባልቴቷ ሄደ። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ባልቴቷ «ነግሬህ አልነበረም?» አላሉትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ልጄ፣ ሚስትህን ስታገባ ስንት ቤት ተቆጠረ?»

«ሰባት ቤት ነዋ፤ እንደ ወጉ።»

«ማን ቆጠረው?»

«ሽማግሌዎች። በእሷም በእኔም በኩል እናት አባት፣ አያት ቅድመ አያት እየተጠራ።»

«ሰባት ቤት ቆጥረህ ቤት ሠራህ። ቤትህን ለሚያቆመው በግ አንድ ቤት መቁጠር አቃተህ። እናቱ የት አለች ብትል ኖሮ ያ ልጅ የሚያሳይህ እናት አልነበረችውም፤ በዚያው ታውቅ ነበር።» ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ። «የግሼው ጠቦት ደርሷል፤ ውሰደው። ገንዘቡን ከቀጣዩ ወሊድ በኋላ ትሰጠኛለህ። ያገለግልህና የራሱ ልጆች ከመድረሳቸው በፊት መልስልኝ፤ ሌላ እሰጥሃለሁ። ካልተስማማህም መልሰህ አምጣው፤ ለማንም እንዳትሰጥብኝ፤ ከእኔ ቤት የወጣ እስከሆነ የእኔው ነው። ያን ቦቃ ደግሞ ለዘር እንዳይሆን አድርገህ ለሥጋ ሽጠው።»

ሰውየው የግሼውን ጠቦት ነድቶ ተመለሰ። ቦቃውንም ከመርፌው በኋላ እከኩ ለቀቀውና በባቄላ ገለባና በአተላ ወፈረ። የእንቁጣጣሽ ገበያ ሲደርስ ገና ሳይኮላሽ ይዞት ሞላሌ ወረደ። ቀንዱ አምሯል፤ ደረቱ ሞልቷል። አንድ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው ዙሪያውን ዞረው፤ አፉን ከፈተ፤ ጀርባውን ዳሰሰ።

«ለዘር ይሆናል?» አለ። ሥጋ ነጋዴዎቹ ከሰጡት ዋጋ ላይ አንድ ሺህ ብር ጨመረ።

ገበሬው ገንዘቡን አየ። የዓመቱን ኪሳራ ግማሹን ይደፍንለት ነበር። ሰውየውን አያውቀውም፤ ሰውየውም አያውቀውም፤ ቀበሌው ሩቅ ነው፤ ተመልሶ የሚጠይቀው የለም። አምና እዚያው ቦታ ላይ ለእሱ የተደረገው ሁሉ አሁን በእሱ እጅ ነበር።

«ለዘር አይሆንም» አለ። «እኅቶቹን ያጠቃ ነው። ሦስት ግልገሎቹ አገጫቸው አጥሮ ተወልደዋል። እከክም ነበረበት። ለቢላ ከሆነ ውሰደው፤ ዋጋውም የሥጋ ዋጋ ነው።»

ገዢው ተናደደ። «በግህን መሸጥ ካልፈለግህ ለምን ገበያ አወጣኸው? አገጭና እኅት የሚቆጥር ሻጭ ዛሬ ገና አየሁ» አለና ሄደ። ገበሬው ከኋላው ተጣራ፤ «ወንድሜ፣ የምትገዛውን እናቱ የት አለች ብለህ ጠይቅ!» ገዢው ዞር አላለም። የሄደው አምስት አውራዎች በአንድ ገመድ ወደተሰለፉበት ነበር። ማታ ገበያው ሲበተን ወጣቱ ባዶ ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ምሳሌው ይኸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በደለኛው ወጣቱ መሆኑ ግልጽ ነው። ዋሽቷል፤ ሕመም ደብቋል፤ የማያውቀውን ዘር አውቃለሁ ብሏል። ነገር ግን ገመዱን ባዶ የሚያደርግለት ገዢው ነው። የሚጠይቅ ሻጭ እንደ ትዕቢተኛ፣ የማይጠይቅ ሻጭ እንደ ደግ በሚቆጠርበት ገበያ ላይ ሐቀኛው አርቢ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ግዴለሹ ያተርፋል። ሕይወት ያለው ነገር የሚሸጥ ሰው የሚያስረክበው ቀንድና ቆዳ ብቻ አይደለም። ከበጉ ጋር አባቱ፣ እናቱ፣ ከእናቱ የወረሰው ሕመምና ጤና፣ ገና ያልተወለዱት ልጆቹ ሁሉ አብረው ይመጣሉ። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚባለው ለዚህ ነው። ከገበያው ላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው የሚታየው በእናቱ ላይ ነው።

መንዝ ገበያ በዘር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያለ ምሳሌም ያውቀዋል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ግን ውርጭን፣ የግጦሽ እጥረትንና ሕመምን በመቋቋም የታወቀ ዘር ነው። ይሁንና ገበሬው ገንዘብ ሲቸግረው ቶሎ ያደገውን፣ ያማረውን ጠቦት ገና በልጅነቱ ለበዓል ገበያ ያወጣል። መንጋው ውስጥ ቀርቶ አባት የሚሆነው ገዢ ያላነሣው፣ ዕድገቱ የዘገየው ነው። ይህ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ገበያው ራሱ መጥፎ አርቢ ሆነ፤ ምርጡን ለቢላ፣ ቀሪውን ለዘር።

መልሱም በዚያው በገበሬው መንደር ነው የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ2009 የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ እርባታ ጀመረ። አሠራሩ የባልቴቷ ጥያቄ በመዝገብ ላይ የሰፈረ ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ግልገል ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግበታል፤ እናቱ ማን እንደሆነች ይጻፋል፤ ክብደቱ ይመዘናል። ወንዶቹ ሲደርሱ ገበሬዎቹ ራሳቸው አንድ ቦታ አሰባስበው መዝገቡንም ቁመናውንም አይተው ይመርጣሉ። የተመረጡት አውራዎች በቡድን ይያዛሉ፤ ከዘመዶቻቸው ጋር እንዳይቀላቀሉም ከቡድን ወደ ቡድን ይዛወራሉ። ያልተመረጡት ተኮላሽተው ወይም ወፍረው ለሥጋ ይሸጣሉ። ድሃው ገበሬ ብቻውን የማይችለውን መጠበቅ፣ መቁጠርና እንቢ ማለት ገበሬዎቹ በማኅበር ቻሉት።

ጥያቄው ለትልቅ ተቋምም አይቀርም። ከእስራኤል የመጣው የአዋሲ ዘር ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅሎ ከደብረ ብርሃንና ከአመድ ጉያ ማዕከላት ለገበሬው አውራ ይከፋፈል ነበር። ቁመናው ትልቅ ነው፤ ገበሬውም ወደደው። ኋላ ግን በማዕከላቱ በጎች ላይ ማዲ ቪስና የሚባል ሕመም ተገኘና ሥርጭቱ ተቋረጠ። ማዲ ቪስና ለዓመታት ሳይታይ በደም ውስጥ የሚቆይ፣ ፈዋሽ መድኃኒትም ክትባትም የሌለው የቫይረስ በሽታ ነው። አንዱ ዋና መተላለፊያው ደግሞ እናት ለግልገሏ የምታጠባው እንገርና ወተት ነው። መልኩ ያማረ አውራ እናቱ ያልተመረመረች ከሆነች ምን ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ነገሩ ከበግ አልፎ ወደ ከተማው ቤትም ይገባል። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ታቅፎ የሚሸጥ ቡችላ ስንት ሳምንቱ እንደሆነ፣ እናቱ የእብድ ውሻ ክትባት ተከትባ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ ቤት ገብቶ ሲታመም ጥፋቱ በልጆቹ አያያዝ ላይ ይጣላል። ለልጁ ጥንቸል የሚገዛ አባት ደግሞ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተብሎ ከአንድ ሆድ የወጡ ወንድምና እኅት ይሰጡታል። ጥንቸል በአንድ ወር ገደማ ትወልዳለች፤ በወለደች በዚያው ሰሞንም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግቢው ከቅርብ ዘመድ በተወለዱ፣ ቦታም መኖም በማይበቃቸው ጥንቸሎች ይሞላል። ሻጩ በዚያን ጊዜ የለም። ዋጋውን የሚከፍለው እንስሳው ነው፤ መምረጥም ሆነ መክሰስ የማይችለው እሱ።

ደህና አርቢን ለመለየት ብልሃት አያስፈልግም። እናቱን ያሳያል። አባቱን ያውቃል። ያለበትን ሕመም ሳትጠይቀው ይናገራል። ከእናቱ ለመለየት ያልደረሰውን አይሰጥም። ያንተን ቤት፣ ያንተን መንጋ፣ የምታበላውን ይጠይቃል። ካልተስማማህ መልስልኝ ይላል። ሲያስፈልግም ገንዘብህን በእጅህ ትቶ «ለአንተ አይሆንም» ይልሃል። ያቺ እንቢታ ከሽያጩ ሁሉ የከበረች ናት፤ ለራሱ ጥቅም ሳይሆን ለምትወስደው ፍጥረትና ለቤትህ ያደረጋት ናትና። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለት ወር ጠብቀው፤ አምስት መቶ ብር ጨምርለት፤ ለጎረቤትህም ስሙን ንገር። «እናቱ የት አለች?» ስትለው መኪና ሊነሣ ነው ብሎ የሚያጣድፍህን ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ገመዱን እንደያዘ ትተኸው ሂድ። ገዢዎች እንዲህ ትተውት ሲሄዱ እሱም እናቶቹን መቁጠር ይጀምራል፤ ገበያ የሚታረመው በዚህ ነው።